መርከቡ የማን ሥራ ነው? የብሎም ኡንድ ፎስ ኩባንያ ታሪክ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)




የማኅበራችን የውይይት ክፍል ስለ አንድ ትልቅ ኢንዱስትሪ ታሪክ ንግግር እንድናሰማ ባዘዘን ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብነው በቁጥር የተሞላ መግለጫ ለማቅረብ ነበር። ስንት መርከብ ተሠራ፥ ስንት ሰው ተቀጠረ፥ ፋብሪካው ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ፥ የሚል ዓይነት መግለጫ ማለት ነው። ነገር ግን ለመዘጋጀት ስንቀመጥ አንድ ፎቶግራፍ እጃችን ገባና አሳባችንን ሁሉ ለወጠው። ፎቶግራፉን በስፍራው እንገልጸዋለን። ለጊዜው የምንናገረው፥ እርሱን ካየን በኋላ በመካከላችን ክርክር መነሣቱንና ክርክሩም ሳያልቅ ይዘነው እዚህ መቅረባችንን ነው።

የምንናገርለት ኩባንያ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ያለው ብሎም ኡንድ ፎስ የተባለው የመርከብ ፋብሪካ ነው። ስሙ የሁለት ሰዎች ስም ነው እንጂ እኛ በአማርኛ «ብሎም» ከምንለው ቃል ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከጓደኞቻችን አንዱ ረቂቁን ሲያነብ «ብሎም ምን?» ብሎ ስለ ጠየቀን ይህን አስቀድመን ማስታወቅ ግድ ሆነብን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሐምቡርግ በባሕር ዳር ያለች ከተማ አይደለችም። ከባሕሩ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ በኤልበ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች የነጋዴዎች ከተማ ናት። ሀብቷ ሁሉ የመጣው በመርከብ ነው፤ ሆኖም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽና ከዚያም በኋላ ትልልቆቹን የብረት መርከቦች የምትገዛው ከእንግሊዝ ነበር። እንግዲህ ሔርማን ብሎምና ኤርንስት ፎስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ኤፕሪል 5 ቀን 1877 ዓ.ም. ማኅበር ገብተው ፋብሪካ ሲከፍቱ ይህን ልማድ ለመለወጥ መነሣታቸው ነበር። ብሎም የሉቤክ ነጋዴ ልጅና የ28 ዓመት ወጣት ነው። ፎስ በሰሜን ጀርመን በገጠር የተወለደ የ35 ዓመት ሰው ነው። ሁለቱም በትምህርት ቤት የተማሩትን ይዘው፥ በዚያ ጊዜ የብረት መርከብ ሥራ አስተማሪ በነበረችው በእንግሊዝ አገር ሠርተው ተመልሰዋል። ውጭ አገር ተምሮና ሥራ አይቶ መመለስ ለእኛም ቤት እንግዳ ነገር ስላልሆነ፥ እዚህ ስፍራ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ቆም ብለናል።

ቦታውን ከሐምቡርግ ከተማ በኪራይ ወሰዱ። የስፍራው ስም ኩሕቬርደር ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ የላሞች ደሴት እንደ ማለት ነው። 15,000 ካሬ ሜትር መሬት፥ 250 ሜትር የውሃ ዳርቻ፥ መርከብ የሚሠራባቸው ወደ ወንዙ ያዘነበሉ ሦስት መደቦች፤ መነሻቸው ይህ ነበር። ፋብሪካው ተከፈተ፥ ደንበኛ ግን አልመጣም። ባለመርከቦቹ ከእንግሊዝ መግዛት የለመዱ ስለ ሆኑ የአገራቸውን ልጆች ሥራ አላመኑም። ሁለቱ ሰዎች ያለ ትእዛዝ በራሳቸው ገንዘብ መርከብ እየሠሩ ገዥ እስኪገኝ ለመጠበቅ ተገደዱ። ወጣቱ ብሎም የሀብታም ነጋዴ ልጅ ባይሆን ኖሮ ታሪኩ በዚህ ያልቅ ነበር ብለን እናምናለን። ጥረት ብቻ ፋብሪካ ያቆማል የሚሉን መጻሕፍት ይህን ነጥብ በፍጥነት ያልፉታል።

ፋብሪካውን በእግሩ እንዲቆም የረዳው ደግሞ የአሮጌ መርከብ ጥገና ነው። ለዚህም ተንሳፋፊ ዶክ የሚባል መሣሪያ ሠሩ። ዶኩ ሁለት ወገን ግድግዳ ያለው ታላቅ የብረት ሣጥን ነው። ውሃ ሲያስገቡበት ወደ ታች ይሰጥማል፤ የተበላሸው መርከብ በግድግዳዎቹ መካከል ይገባል፤ ውሃው በመምጠጫ ሲወጣ ዶኩ መርከቡን እንደ ተሸከመ ወደ ላይ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሠራተኞች በደረቅ ወለል ላይ ቆመው የመርከቡን ሆድ ይፍቃሉ፥ ይጠግናሉ። የሐምቡርግ ወደብ በመርከብ የተሞላ ስለ ነበር የሚጠገን አልጠፋም።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ደንበኛ መንግሥት ነው። በ1885 ዓ.ም. የወጣው ሕግ መንግሥት በገንዘብ የሚረዳቸው የፖስታ መርከቦች፥ አዲስ ሲሠሩ፥ በጀርመን ፋብሪካ እንዲሠሩ ደነገገ። ቀጥሎም በ1898ና በ1900 የወጡት የባሕር ኃይል ሕጎች፥ አድሚራል ቲርፒትዝ የሚመራውን የጦር መርከብ ሥራ እንደ ጐርፍ ለቀቁት። የኢኮኖሚ ተማሪ የሆኑት ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ብዙ ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ጊዜ ስለ ሌለን ከለከልናቸው። ፍሬ ነገሩ ግን ግልጽ ነው። በነጋዴ ገንዘብ ተጀምሮ በደንበኛ እጦት የተቸገረው ፋብሪካ፥ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የመርከብ ፋብሪካዎች አንዱ የሆነው በሕግና በመንግሥት በጀት ነው። መንግሥት ደንበኛ በሆነ ጊዜ ደግሞ የመንግሥቱ ጠላት የፋብሪካውም ጠላት ይሆናል።

አሁን ወደ ሠራተኞቹ እንምጣ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል በዚህ ፋብሪካ 10,000 ያህል ሰው ይሠራ ነበር። አብዛኛው የሚኖረው ከወንዙ ወዲህ በሰሜኑ ዳር፥ ፋብሪካው ያለው ከወንዙ ወዲያ በደቡቡ ዳር ነው። በየማለዳው ያ ሁሉ ሕዝብ በጀልባ ይሻገራል፤ በክረምት ጉምና በረዶ ሲሆን መሻገሩ ጭንቅ ነው። ድልድይ ቢሠራ ትልልቆቹ መርከቦች ሊያልፉ አይችሉም። ስለዚህ ከተማው ከወንዙ ሥር ዋሻ አስቈፈረና በ1911 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 426 ሜትር፥ ጥልቀቱ 24 ሜትር ነው። በሁለቱም ጫፍ ሰውም ጋሪም በአሳንሰር ወርዶ በአሳንሰር ይወጣል። ከእኛ ወገን የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ለዚህ ዋሻ ብቻ ሌላ ምሽት ይሰጠን ብለዋል፤ ይገባቸዋል። እኛን የገረመን ግን አንድ ከተማ ሠራተኞቹ በሰዓቱ ሥራ እንዲገቡ ሲል ከወንዝ በታች መንገድ መሥራቱ ነው። የሠራተኛው ሰዓት የዚያን ያህል ዋጋ ነበረው።

ዋጋው ለማን ነበር ቢባል፥ መልሱን ከሥራ ማቆም ታሪክ እናገኛለን። ሔርማን ብሎም በቤቴ አዛዡ እኔ ነኝ የሚል ሰው ነበር። የሠራተኛ ማኅበር በፋብሪካው ጉዳይ ቃል እንዲኖረው አይፈቅድም፤ በሐምቡርግ የብረት ኢንዱስትሪ አሠሪዎች ማኅበርም ከዋናዎቹ መሪዎች አንዱ ነበር። ያ ማኅበር ሠራተኛ የሚቀጠርበትን ጽሕፈት ቤት በራሱ እጅ አደረገው። ሥራ ፈላጊ ሁሉ በዚያ በር ስለሚያልፍ፥ አድማ የመራ ወይም በማኅበር ሥራ የታወቀ ሰው በአንዱ ፋብሪካ ከተባረረ በሌላው ተቀባይ አያገኝም። በሁሉም ረገድ የተማረ፥ ቴክኒክ የሚያውቅ፥ በእጁም የሠራ ሰው፥ ስለ ሠራተኛ ሲሆን እንዲህ ያለ አሳብ መያዙ ከመካከላችን አንዳንዶቹን አስገርሟል፤ ሌሎቹን ግን አላስገረመም። በ1913 ዓ.ም. በጁላይ ወር የሐምቡርግ የመርከብ ሠራተኞች የማኅበራቸውን መሪዎች ፈቃድ እንኳ ሳይጠብቁ ሥራ አቆሙ። ያተረፉት አልነበረም፤ ተሸንፈው ተመለሱ።

በዚያው ዓመት ነው ፋብሪካው «ፋተርላንት» ማለትም «አባት አገር» የተባለውን መርከብ ወደ ውሃ ያወረደው። ርዝመቱ 289 ሜትር፥ መጠኑ ከ54,000 ቶን በላይ ሲሆን በጊዜው በዓለም ከሚሄዱት መርከቦች ሁሉ ትልቁ ነበር። ዕድሉን ተመልከቱ። በሜይ 1914 የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ኒውዮርክ አደረገ፤ በኦገስት ጦርነት ሲነሣ እዚያው ኒውዮርክ አጠገብ እንደ ቆመ ቀረ። በ1917 አሜሪካኖች ወደ ጦርነቱ ሲገቡ ወረሱትና ስሙን «ሌቫያታን» አሉት። ከዚያም ከ100,000 በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ ወታደሮችን ጀርመንን እንዲወጉ ወደ አውሮፓ አጓጓዘ። «አባት አገር» የሚለው ስም ተፍቆ በአባት አገር ላይ ዘመተ። ወንድሙ «ቢስማርክ» የተባለው የመንገደኞች መርከብ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ለእንግሊዞች ካሣ ተሰጥቶ በ1922 «ማጀስቲክ» በሚል ስም ተጓዘ።

የጦር መርከቦቹ ዕጣ ከዚህ የባሰ ነው። «ፎን ዴር ታን»፥ «ሞልትከ»፥ «ጐበን»፥ «ሳይድሊትዝ»ና «ዴርፍሊንገር» የተባሉት አምስት ፈጣን የጦር መርከቦች ከ1909 እስከ 1913 ባለው ጊዜ ከዚህ ፋብሪካ ወደ ውሃ ወርደዋል። ከአምስቱ አራቱ ከሽንፈት በኋላ በስኮትላንድ ሰሜን በስካፓ ፍሎ ታስረው ሳሉ፥ ጁን 21 ቀን 1919 የራሳቸው መርከበኞች ውሃ ለቅቀው አሰጠሟቸው። አምስተኛው «ጐበን» በ1914 ለቱርክ ተሰጥቶ ስሙ «ያቩዝ» ተባለና እስከ 1970ዎቹ ድረስ ከቆየ በኋላ ተሰብሮ ለብረትነት ተሸጠ። ያ ሁሉ የሰው ድካም፥ ያ ሁሉ በእሳት የጋለ ችንካር፥ ከአራቱ መርከቦች በአንድ ቀን የባሕር ወለል ሆነ።

በዚያው መደብ ላይ ግን ሌላ ዓይነት መርከብም ይሠራ ነበር። «ፓሚር» በ1905፥ «ፔኪንግ»ና «ፓሳት» በ1911 የተሠሩ አራት አራት ምሰሶ ያላቸው ባለሸራ የብረት መርከቦች ናቸው። ሥራቸው ከቺሊ ናይትሬት ማምጣት ነበር። ናይትሬት ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል፥ ለባሩድም ይሆናል። መርከቡ የሚጭነው ያው አንድ ጨው ነው፤ የሚለየው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚወስደው ሰው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከ1918 በኋላ ስላለው ጊዜ ረዥም አንናገርም። አንድ ጊዜ ሥራ ተገኘ፥ አንድ ጊዜ ጠፋ። በ1928 «ኦይሮፓ» የተባለው ታላቅ የመንገደኞች መርከብ ወደ ውሃ ወረደ፤ በ1929 በፋብሪካው ውስጥ ሳለ ተቃጠለ፥ ታድሶም በ1930 አትላንቲክን በፍጥነት በማቋረጥ የአንደኛነትን ክብር አገኘ። ከዚያ የዓለም የንግድ ውድቀት መጣና ብዙ ሺህ ሠራተኞች ተበተኑ። ሥራ የፈታ ሰው በፋብሪካው በር ቆሞ ባዶውን መደብ ሲመለከት፥ ሥራ እሰጣለሁ የሚለውን ድምፅ መስማቱን ለመረዳት አያስቸግርም። በ1933 ሒትለር ሥልጣን ያዘ። መደቦቹ እንደገና ሞሉ።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ደርሰናል።

ቀኑ ጁን 13፥ 1936 ዓ.ም. ነው። በብሎም ኡንድ ፎስ «ሆርስት ቬሰል» የተባለ ባለሸራ የማሠልጠኛ መርከብ ወደ ውሃ የሚወርድበት በዓል ነው፤ ሒትለር ራሱ ተገኝቷል። በፎቶግራፉ ላይ የፋብሪካው ሠራተኞች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። ሁሉም ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው የናዚን ሰላምታ ይሰጣሉ። በመካከላቸው አንድ ሰው አለ። እጁን አልዘረጋም። ሁለቱን እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፥ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቆሟል። አይጮኽም፥ አይሸሽም፥ ምንም አያደርግም። እጁን አጣምሮ ብቻ ቆሟል።

ይህ ሰው ማን ነው? ፎቶግራፉ በሰፊው የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት ሲሆን፥ ሁለት ቤተሰቦች የእኛ ሰው ነው ይላሉ። አንደኛው ወገን አውጉስት ላንድሜሰር ነው ይላል። ይህ ሰው በ1931 የናዚ ፓርቲ አባል የሆነ፥ በ1935 ኢርማ ኤክለር የተባለች አይሁዳዊት ሊያገባ በመታጨቱ ከፓርቲው የተባረረ ነው። ጋብቻው ተከለከለ፤ እርሱ በ1938 ታስሮ ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላከ፤ እርሷን በ1942 ገደሏት። በ1944 ቅጣት የተፈረደባቸው ሰዎች ከሚመደቡበት ጦር አስገብተው ወደ ክሮኤሺያ ላኩት፥ ከዚያም አልተመለሰም። ሌላው ወገን ደግሞ ሰውዬው በፋብሪካው ብረት ሠራተኛ የነበረ፥ በሃይማኖቱ ምክንያት ለሰው ያን ሰላምታ አልሰጥም ያለ ጉስታፍ ቬገርት የተባለ ክርስቲያን ነው ይላል። አንደኛው በፍቅር፥ ሁለተኛው በእምነት ምክንያት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ መወሰን የእኛ ፋንታ አይደለም። እጆቹ ግን እንደ ተጣመሩ ናቸው።

ክርክራችን የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ፎቶግራፉን መጀመሪያ ስናይ ሁላችንም አደነቅን። በኋላ ግን ከመካከላችን አንዲት እኅት «ይህ ሰው ሰላምታ የነፈገውን መርከብ የሠራው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ዝም አልን። እውነት ነው፤ በዚያ ቀን ወደ ውሃ የሚወርደውን መርከብ የሠሩት እነዚያ ሠራተኞች ናቸው፤ እጁን ያጣመረውም ሰው ከእነርሱ አንዱ ሆኖ ነው በዚያ የቆመው። በማግሥቱም የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሷል። በዚያው በ1936 በጁላይ 1 ቀን በዚያው ፋብሪካ የሌላ መርከብ መሠረት ተጣለ። እርሱም የጦር መርከቡ «ቢስማርክ» ነው።

አንዱ ወገናችን እንዲህ አለ፤ መሐንዲስና ሠራተኛ የሚጠየቀው ሥራው ትክክል በመሆኑ ነው። ብረቱ ካልተሰነጠቀ፥ መርከቡ ካላዘነበለ ግዴታውን ፈጽሟል። መርከቡ የት እንደሚሄድ የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ናይትሬቱም ማዳበሪያ መሆኑን ወይም ባሩድ መሆኑን መርከበኛው አይወስንም። ሌላው ወገን ደግሞ፥ 380 ሚሊ ሜትር አፍ ያለውን መድፍ የሚሸከም መርከብ ሲሠራ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ መሐንዲስ የለም፥ ይህ ጨው አይደለም፥ አለ። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረውን ታሪክ የምትሰሙት ይህን ክርክር በልባችሁ ይዛችሁ ቢሆን ደስ ይለናል።

«ቢስማርክ» በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1939 ሒትለር ባለበት ወደ ውሃ ወረደ። በሜይ 1941 ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ዘመቻ ወጣ። በሜይ 24 ቀን የእንግሊዞቹን «ሁድ» በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሰጠመ፤ ከ1,418 ሰዎች ሦስት ብቻ ተረፉ። በሦስተኛው ቀን በሜይ 27 እርሱም በተራው ሰጠመ፤ ከ2,200 የሚበልጡ ሰዎች ነበሩበት፥ የተረፉት 120 አይሞሉም። መርከቡ ተሠርቶ እስኪያልቅ አራት ዓመት ፈጅቷል፤ ዘመቻው ግን ዘጠኝ ቀን አልሞላም። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው በብዛት የሠራው ባሕር ሠርጓጅ መርከብ ነው፤ በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ 224 ሠርቶ አስረክቧል።

«ቪልሔልም ጉስትሎፍ»ም ከዚህ ፋብሪካ ነው። በ1937 ወደ ውሃ ሲወርድ ሠራተኞች በዕረፍታቸው ጊዜ የሚዝናኑበት መርከብ ነው ተብሎ ነበር። በጃንዋሪ 30 ቀን 1945 ከሩሲያ ጦር ፊት የሚሸሹ ሴቶችና ሕፃናት ወታደሮችም ጭኖ በባልቲክ ባሕር ሲሄድ አንድ የሶቪየት ባሕር ሠርጓጅ መታው። ከ9,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

በጦርነቱ ጊዜ ጀርመናውያን ሠራተኞች ወደ ጦር ሜዳ ስለ ሄዱ በፋብሪካው የሚሠሩት ከተያዙት አገሮች በግድ የመጡ ሰዎች ሆኑ። ከ1944 መጸው ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 1945 ደግሞ የኖየንጋመ ማጎሪያ ካምፕ አንድ ቅርንጫፍ በዚያው በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነበር፤ እስረኞቹ በቦምብ የፈረሰውን ይጠርጋሉ፥ በፋብሪካውም ይሠራሉ። ለሥራቸው የሚከፈላቸው ደሞዝ አልነበረም፤ ብዙዎቹም ሞተዋል። ዛሬ በስፍራው የመታሰቢያ ምልክት አለ።

በሐምቡርግ ፋብሪካዎች ውስጥ እጁን ከማጣመር አልፎ የሄደም አልጠፋም። በርንሐርት ቤስትላይን፥ ፍራንትዝ ያኮብና ሮበርት አብስሐገን የሚመሩት የምስጢር ቡድን በብዙ የመርከብ ፋብሪካዎች፥ በብሎም ኡንድ ፎስም ጭምር፥ አባላት ነበሩት። ወረቀት ይበትናሉ፥ የግዳጅ ሠራተኞችን በምግብ ይረዳሉ፥ ሥራውን ያጓትታሉ። በኦክቶበር 1942 ብዙዎቹ ተያዙ፤ ሦስቱም መሪዎች በ1944 በሞት ተቀጡ።

አሁን ስለ «ካፕ አርኮና» እንናገርና ስለ ጦርነቱ እንጨርስ። በ1927 ብሎም ኡንድ ፎስ የሠራው፥ ከሐምቡርግ ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚመላለስ፥ ሦስት ጭስ መውጫ ያለው ውብ መርከብ ነበር። የሲኒማ ሰዎች ስለ «ታይታኒክ» መስጠም በጦርነቱ ጊዜ ፊልም ሲሠሩ ቀረጻውን ያደረጉት በእርሱ ላይ ነው። በኤፕሪል 1945 መጨረሻ ናዚዎች የኖየንጋመን እስረኞች አውጥተው በሉቤክ ባሕረ ሰላጤ በቆሙት መርከቦች ላይ ጫኗቸው፤ በ«ካፕ አርኮና» ላይ ብቻ ከ4,000 በላይ ነበሩ። በሜይ 3 ቀን የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጠላት ጦር የሚያመልጥባቸው መርከቦች መስለዋቸው በቦምብ መቷቸው። በ«ካፕ አርኮና»ና በ«ቲልቤክ» ላይ 7,000 ያህል እስረኞች በእሳትና በውሃ አለቁ። ያ ቀን የእንግሊዝ ጦር ሐምቡርግ ከተማ የገባበት ቀን ነው። በሐምቡርግ ጦርነቱ ያለቀበት ዕለት፥ በሐምቡርግ የተሠራው መርከብ ከሐምቡርግ ካምፕ የመጡትን ሰዎች ይዞ ተቃጠለ። እኛ ይህን ክፍል ስናዘጋጅ ማንም የሚከራከር አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች በፋብሪካው ጀርመን ዳግመኛ የጦር መርከብ እንዳትሠራ ሲሉ መደቦቹንና ክሬኖቹን በፈንጂ አፈረሱ፥ መኪናዎቹን ነቅለው ወሰዱ። ጥቂት ዓመት ሲያልፍ የአውሮፓ ፖለቲካ ተለወጠ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ፋብሪካው በጥገና፥ ቀጥሎም በአዲስ መርከብ ሥራ ተመለሰ፤ የቲሰን ብረት ኩባንያም ባለድርሻ ሆነ። የፈረሰውን መደብ እንደገና የገነቡት ምናልባት ስለ መፍረሱ የዳኝነት ቃል የሌላቸው እነዚያው ሠራተኞች ናቸው።

በዚህ ዘመን ፋብሪካው አንድ አዲስ አሳብ አወጣ፥ ስሙም «ሜኮ» ይባላል። አሳቡ ቀላልና ብልህነት ያለው ነው። መድፉ፥ ራዳሩና ሌላው መሣሪያ ልካቸው አስቀድሞ በተወሰነ ሣጥኖች ውስጥ ይገጠማል፤ መርከቡ አንድ ሆኖ ሣጥኑ እንደ ገዥው ፍላጎት ይለዋወጣል። አንድ መሣሪያ ሲያረጅ መርከቡን ሳያፈርሱ ሣጥኑን አንሥተው ሌላ ይከታሉ። የዚህ ዓይነት መርከብ የመጀመሪያው ገዥ አፍሪካዊ አገር ነው። ናይጄሪያ ያዘዘችው «አራዱ» በ1980 ወደ ውሃ ወርዶ በ1982 በባሕር ኃይሏ ሥራ ጀመረ። የአርጀንቲና ወታደራዊ መንግሥትም አራት አዘዘ፤ በ1983ና በ1984 ተረከበች። በ2000ዎቹ መጀመሪያም «አማቶላ» ለደቡብ አፍሪካ ከዚያው ወጣ። አንድ ድሀ አገር እንዲህ ያለ ውድ መርከብ ከገዛ በኋላ የሚያስፈልገውን ጥገናና መለዋወጫ ከየት ያመጣል የሚለው ጥያቄ፥ መርከቡን ከሠራው ፋብሪካ ይልቅ እኛን አፍሪካውያንን የሚመለከት ይመስለናል። በ1877 ሐምቡርጎች ከእንግሊዝ ይገዙ እንደ ነበረ አፍሪካ ዛሬም ከሐምቡርግ ትገዛለች። ሁለቱ መሐንዲሶች ግን መግዛቱን ትተው መሥራት ጀመሩ፥ ውጤቱም ይህ የነገርናችሁ ሁሉ ነው፤ መልካሙም ክፉውም። ከመካከላችን የቴክኖሎጂ ተማሪዎች የሆንን «እኛም ፋብሪካ እንሥራ» ስንል ከሁለቱ የትኛውን እንደምንጋብዝ ማሰብ ይገባናል የሚለውን አሳብ ሁለቱም ተከራካሪ ወገኖች ተቀብለውታል። የተስማማነው በዚህ አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

ፋብሪካውን በ2016 የብሬመኑ ሉርሰን ኩባንያ ገዛው። ከወንዙ በታች ያለው ዋሻ እስከ ዛሬ አለ፥ ሰው በእግሩ ይሻገርበታል። «ፓሚር» በ1957 በአትላንቲክ ማዕበል ሰጠመ፤ ከ86 ሰዎች 6 ተረፉ፥ ከሞቱት ብዙዎቹ ባሕር የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። «ፔኪንግ» ከብዙ ዓመት የኒውዮርክ ኑሮ በኋላ ታድሶ በ2020 ወደ ሐምቡርግ ተመለሰ። በፎቶግራፉ ቀን ወደ ውሃ የወረደው «ሆርስት ቬሰል» ደግሞ በ1946 አሜሪካኖች ወስደውት «ንስር» ብለው ሰየሙት፤ ዛሬም የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ዕጩ መኰንኖች ገመዱን እየጐተቱ ይማሩበታል። ብረቱ ያው ነው፥ ችንካሩም ያው ነው።

ፎቶግራፉን ከዚህ ንግግር በኋላ በጠረጴዛው ላይ እናኖረዋለን፤ ቀርባችሁ ልትመለከቱት ትችላላችሁ። እጁን ያጣመረውን ሰው ለማግኘት ጥቂት መፈለግ ያስፈልጋል፤ ከቀኝ በኩል ጀምራችሁ ብትፈልጉ ይቀላል። በክርክሩም የማንኛውም ወገን ደጋፊ የሆነ፥ በተለይ ከመምህራኖቻችን በሥራ ዓለም ቆይተው የተመለሱ ቢናገሩልን፥ ለመስማት ተዘጋጅተናል።